«ሙስሊም» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ፦ በትልቁ ኤም ወይስ በትንሹ?



በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖሩ አንዲት እናት በቅርቡ ጥያቄ ላኩልን። የ11 ዓመት ልጃቸው ስለ ራሱ እንዲጽፍ በትምህርት ቤት ታዝዞ ነበር። «እኔ ሙስሊም ነኝ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ኤሟን ትንሽ አድርጓት ኖሮ፣ መምህርቱ በቀይ ከበቧትና ትልቋን ኤም ከላይ ጻፉባት። ልጁ ቤት ገብቶ «ለምን?» ሲል አባት «ለሃይማኖታችን ክብር ብለው ነው» አሉት። እናት ደግሞ «ክብር ከሆነማ ኢማሙና መስጂዱ ለምን በትንሹ ይጻፋሉ?» አሉ። ክርክሩ ከእራት በኋላም ስላልተቋጨ ወደ እኛ መጣ።

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በየጊዜው በሌላ መልክ ይደርሰናል። በውጭ አገር ያሉ ጀመዓዎች ለከተማ አስተዳደር የሚጽፉትን ደብዳቤ እንድናይላቸው ሲልኩልን፣ ራሳቸውን በትንሹ ኤም፣ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውን በትልቁ ሲ ጽፈው እናገኛለን። ሌሎች ደግሞ አንድ ጋዜጣ በትንሹ ኤም ጻፈን ብለው ተቆጥተው ተቃውሞ እንድናሰማ ይጠይቁናል፤ ከፍተን ስናየው ጋዜጣው የሆላንድ ወይም የስዊድን ይሆናል። ስለዚህ ጉዳዩን አንድ ጊዜ ሰፋ አድርገን ማስቀመጡ ይጠቅማል ብለን አሰብን።

አጭሩ መልስ ይኸውና፦ በእንግሊዝኛ «ሙስሊም» ምንጊዜም በትልቁ ኤም ይጀመራል። በዐረፍተ ነገር መነሻም ይሁን መሐል፣ ስምም ይሁን ቅጽል፣ ነጠላም ይሁን ብዙ ለውጥ የለውም። ክርስቲያን፣ አይሁዳዊ፣ ሂንዱ፣ ቡድሂስት፣ ሲክ የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። በዚህ ላይ የታወቁት መዝገበ ቃላትም ሆኑ የጋዜጦችና የአሳታሚዎች የአጻጻፍ መመሪያዎች አይለያዩም። መምህርቱ ትክክል ናቸው። የአባት ምክንያት ግን ትክክል አይደለም፤ የእናት ጥያቄም መልስ ይገባዋል።

ሕጉ ከየት መጣ?

እንግሊዝኛ ፊደሎቹን በሁለት መልክ ይጽፋል። ትልቁ መልክ በዋናነት ዐረፍተ ነገር ሲጀመርና የተጸውዖ ስም ሲመጣ ያገለግላል። ይህን ሁላችንም በአራተኛና በአምስተኛ ክፍል ተምረነዋል። እንግሊዝኛን ከብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች የሚለየው የተጸውዖ ስምን አጥር አስፍቶ ማጠሩ ነው። የአገር ስም ብቻ ሳይሆን ከአገር ስም የወጣው ቅጽልም፣ የቋንቋ ስምም፣ የሳምንቱ ቀናትና የወራት ስምም በትልቁ ይጀምራሉ። «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ በትልቁ ኢ የሚጻፈው በዚህ ምክንያት ነው። የሃይማኖት ስምና የተከታዮቹ መጠሪያም እዚሁ አጥር ውስጥ ገብተዋል።

ኢማም፣ መስጂድ፣ ቄስ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሉት ግን የወል ስሞች ናቸው። ብዙ ኢማሞች፣ ብዙ መስጂዶች አሉ። አንድ የታወቀ መስጂድ በሙሉ ስሙ ሲጠራ፣ ወይም «ኢማም» የሚለው ከሰው ስም በፊት እንደ ማዕረግ ሲገባ ወደ ተጸውዖ ስምነት ይሻገራል፤ ያኔ ትልቁን ፊደል ያገኛል። የእናትየው ጥያቄ መልስ ይህ ነው።

ክብር አለመሆኑን ለማየት ብዙ መሄድ አያስፈልግም። እንግሊዝኛ «ናዚ» የሚለውን በትልቁ ኤን ይጽፋል። ሰይጣንን እናመልካለን ለሚሉ ሰዎችም ትልቁን ኤስ አይነፍግም። በአንጻሩ «በአንድ አምላክ የሚያምን» የሚለው ቃል፣ ለእኛ ከሁሉ በላይ የከበረው መገለጫ፣ በትንሹ ይጻፋል፤ ምክንያቱም የአንድ ማኅበረሰብ ስም ሳይሆን የአንድ ዓይነት እምነት መግለጫ ነው። «አምላክ የለም ባይ» የሚለውም በዚሁ ምክንያት በትንሹ ይጻፋል። ጥንት ጣዖት አምላኪዎችን በጅምላ ለመጥራት ያገለግል የነበረው «ፔገን» የሚለው ቃል በትንሹ ፒ ሲጻፍ ኖሮ፣ ዛሬ ራሳቸውን በዚያ ስም የሚጠሩ ሰዎች ስለተነሡ እነዚህ ሰዎች ትልቁ ፒ ይሰጠን ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄያቸው «አክብሩን» ብቻ አይደለም፤ «እኛ ስም ያለን ማኅበረሰብ ነን» ማለታቸው ነው።

አንዳንዴ ደግሞ የፊደሏ መጠን ትርጉሙን ጭራሽ ትቀይረዋለች። «ካቶሊክ» በትልቁ ሲ ሲጻፍ የሮማን ቤተ ክርስቲያን ተከታይ ማለት ነው፤ በትንሹ ሲ ሲጻፍ «ሁሉን የሚያቅፍ፣ ሰፊ» ማለት ነው። «ኦርቶዶክስ» በትልቁ ኦ የምናውቃት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በትንሹ ኦ ግን «የተለመደውን መንገድ የተከተለ» ማለት ነው፤ ስለ ሐኪም አሠራርም ሆነ ስለ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሊነገር ይችላል። «ሙስሊም» ግን በእንግሊዝኛ በትንሹ ኤም ሲጻፍ የሚሰጠው ሌላ ትርጉም የለውም። ስለዚህ በትንሹ መጻፉ ስሕተት ከመሆን አያልፍም።

ትልቁ ኤም ኖሮ ስሙ ግን የተሳሳተበት ዘመን

የሚገርመው፣ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ሙስሊሞች ትልቁን ፊደል ያጡበት ዘመን እምብዛም የለም። ያጡት ስማቸውን ነበር።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ስሞችን በጅምላ በትልቁ ፊደል ይጀምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1787 በእጅ የተጻፈው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለዚህ ምስክር ነው፤ ተራ የወል ስሞች ሁሉ በትልልቅ ፊደል ተጀምረውበታል። ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1797 አሜሪካ ከትሪፖሊ ጋር የተዋዋለችው ስምምነት በ11ኛው አንቀጹ ስለ ሙስሊሞች ያነሣል። ሁለት መጠሪያዎችን ይጠቀማል፤ አንዱ ከፋርስና ከቱርክ በኩል የመጣው «ሙሰልማን» ሲሆን ሌላው ከነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ስም የተሠራው «መሐመዳዊ» ነው። ሁለቱም በትልቁ ኤም ተጽፈዋል።

«መሐመዳዊ» የሚለው ስም ለረጅም ጊዜ ገናና ሆኖ ቆየ። የተሠራው ክርስቲያኖች ከክርስቶስ ስም እንደተጠሩ ሁሉ እነዚህም ከሙሐመድ ስም ይጠሩ በሚል ልማድ ነው። ጉዳቱም እዚያው ላይ ነው፦ ሙስሊሞች ነቢያቸውን ያመልካሉ የሚል ስሜት ይሰጣል። ኢስላም ደግሞ ይህን አጥብቆ የሚከለክል ሃይማኖት ነው። ትልቅ ፊደል ያለው ስም ሁሉ ትክክለኛ ስም አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

ሆኖም ፍርዳችን ጥድፊያ እንዳይኖርበት አንድ ነገር እንጨምር። ስሙን የተጠቀሙት የውጭ ሰዎች ብቻ አልነበሩም። በህንድ ሰር ሰዒድ አሕመድ ኻን እ.ኤ.አ. በ1875 በአሊጋር ያቋቋሙት የታወቀ ኮሌጅ በእንግሊዝኛ ስሙ «መሐመዳዊ» የሚለውን ቃል ይዞ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1920 ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ነው «የአሊጋር ሙስሊም ዩኒቨርሲቲ» የተባለው። በካልካታ እ.ኤ.አ. በ1891 የተመሠረተው የእግር ኳስ ክለብ ደግሞ እስከ ዛሬ «መሐመዳን ስፖርቲንግ» ነው፤ ደጋፊዎቹ ስሙን ይወዱታል እንጂ አያፍሩበትም። የእንግሊዙ ምሁር ሃሚልተን ጊብ እ.ኤ.አ. በ1949 ስለ ኢስላም የጻፉትን መጽሐፍ ርእስ ከዚሁ ቃል ነው ያወጡት። ኋላ ላይ መጽሐፉ ታድሶ ሲታተም «ኢስላም» የሚለው ርእስ ተተካበት።

ቀጥሎ የመጣው «ሞስሌም» ነው። ይህ በመሠረቱ ያው ዐረብኛው ቃል ነው፤ የአጻጻፍ ልዩነት ብቻ ነው ያለው። ችግሩ ብዙ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች መሐል ላይ ያለችውን «ስ» ወደ «ዝ» አድርገው ማንበባቸው ነው። ዐረብኛ ለሚያውቅ ጆሮ ያ ድምፅ «ሙዝሊም» ወደሚለው፣ «ጨለማ» ማለት ወደ ሆነው ቃል ይጠጋል። ከመገዛትና ከሰላም ሥር የወጣ ስም ከጨለማና ከበደል ሥር ወደ ወጣ ቃል ሲንሸራተት ማንም ደስ አይለውም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ትልልቆቹ የዜና ተቋማት «ሙስሊም» የሚለውን አጻጻፍ ይዘዋል።

በነገራችን ላይ በአሮጌ መጽሐፍ ውስጥ «ሞስሌም» የሚል አይተው የሚቆጡ ወጣቶች ያጋጥሙናል። መጽሐፉ የታተመበትን ዘመን ማየት ይበቃል። እንግሊዛዊው ሙስሊም መርማዱክ ፒክታል እ.ኤ.አ. በ1930 ያሳተሙት የቁርኣን ትርጉም እንኳ በርእሱ ላይ የቅዱሱን መጽሐፍ ስም የጻፈው ዛሬ በምናውቀው በኪው ሳይሆን በኬ ነው። እኒህ ሰው ንቀት ነበራቸው የሚል ያለ አይመስለንም።

ፊደሏ መቼ ታስቆጣለች?

እስካሁን ያልነው ሁሉ «ታዲያ ፊደሏ ምንም ለውጥ አታመጣም» ማለት ከመሰለ ተሳስተናል። የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ ተቃራኒውን ያስተምራል።

«ኒግሮ» የሚለው ቃል ያኔ የሕዝቡ መደበኛ መጠሪያ ነበር። ጋዜጦች ግን በትንሹ ኤን ይጽፉት ነበር። ታላቁ ምሁር ዱ ቦይስ እ.ኤ.አ. በ1899 ስለ ፊላደልፊያ ጥቁሮች ባሳተሙት ጥናት ውስጥ ቃሉን በትልቁ ፊደል እንደሚጽፉትና ለዚያ ሁሉ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ትልቅ ፊደል እንደሚገባው አስታውቀዋል። ከዚያ በኋላ ለአሳታሚዎችና ለጋዜጦች ሲጽፉ ኖሩ። ኒውዮርክ ታይምስ ትልቁን ኤን የተቀበለው እ.ኤ.አ. መጋቢት 1930 ነው፤ ከመጀመሪያው ጽሑፋቸው 31 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ክርክሩ በዚያ አላበቃም። «ጥቁር» የሚለው መጠሪያ በእንግሊዝኛ በትልቁ ቢ እንዲጀመር አሶሺዬትድ ፕሬስ የወሰነው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ነበር።

ያ ሕዝብ የጠየቀው ከሌላው የተለየ ክብር አልነበረም። ያው ጋዜጣ፣ በያው ገጽ ላይ፣ አይሪሹን፣ ጣሊያኑን፣ ቻይናዊውን በትልቁ ፊደል እየጻፈ እነርሱን ብቻ በትንሹ ይጽፍ ነበርና ያስቆጣው አድልዎው ነው። ለእኛም መለኪያው ይኸው ሊሆን ይገባል። አንድ ጸሐፊ ክርስቲያኑን፣ አይሁዳዊውን፣ ሂንዱውን በትልቁ እየጻፈ «ሙስሊም» ላይ ሲደርስ ብቻ ከጽሑፉ መጨረሻ ድረስ ትንሿን ኤም ከመረጠ፣ ያ ሆን ተብሎ የተደረገ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎችም አሉ። አይሁዶች ይህን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። የእነርሱን ስም በትንሹ ጄ ጽፎ፣ ግስ አድርጎ፣ «መከራከር፣ ማጭበርበር» ለማለት መጠቀም በእንግሊዝኛ የቆየ ስድብ ነው፤ መዝገበ ቃላትም «አስነዋሪ» የሚል ምልክት ያደርጉበታል።

በአንጻሩ ጸሐፊው ሁሉንም በትንሹ የሚጽፍ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። በስልክ መልእክት የሚለዋወጡ ልጆች የራሳቸውንም ስም፣ «እኔ» የሚለውንም የእንግሊዝኛ ቃል በትንሹ ይጽፋሉ። ጣታቸው ቸኩሎ ነው እንጂ ሃይማኖት የነካ ነገር የለበትም።

በአውሮፓ የምትኖሩ አንባቢዎቻችን ደግሞ የምትኖሩበትን አገር ቋንቋ ሕግ እንድታዩ እንመክራለን። ፈረንሳይኛ የሃይማኖት ተከታይን ሁሉ በትንሹ ይጽፋል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ናቸው። የሃይማኖቱን ስም «ኢስላም»ንም በትንሹ ይጽፍና፣ ስለ ኢስላማዊው ዓለም ሥልጣኔ ሲናገር በትልቁ ይጀምረዋል። ስፓኒሽም ተከታዩንም ሃይማኖቱንም በትንሹ ይጽፋል። በስዊድንኛ ሙስሊም፣ ክርስቲያንና አይሁዳዊ ሦስቱም በትንሹ ናቸው፤ እንዲያውም ስዊድናዊው «እኔ ስዊድናዊ ነኝ» ሲል ራሱን የሚጽፈው በትንሹ ኤስ ነው። ራሱን በትንሹ የጻፈን ሰው በትንሹ ጻፍከኝ ብሎ መክሰስ አይቻልም። ሆላንድኛም ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በትንሹ ይጽፋል። ጀርመንኛ ስሞችን ሁሉ፣ ጠረጴዛና ዳቦን ጨምሮ፣ በትልቁ ስለሚጀምር «ሙስሊም» የሚለው ስም ትልቅ ፊደል አለው፤ ቅጽል ሲሆን ግን ትንሽ ይሆናል። ቱርክኛ ከ1928 ጀምሮ በላቲን ፊደል የሚጻፍ ሲሆን ሃይማኖቶችንና ተከታዮቻቸውን እንደ እንግሊዝኛው በትልቁ ይጀምራል። ስቶክሆልም ወይም አምስተርዳም የሚማር ልጅ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ትንሿን ኤም ቢጽፍ፣ የአገሩን ሕግ ወደ ሌላ ቋንቋ ይዞ ተሻግሮ ነውና በቁጣ ሳይሆን በማስረዳት ይታረም።

እኛስ ለምን እንሳሳታለን?

የሜሪላንዱ ልጅ የተወለደው እዚያው ነው። ወላጆቹና የጀመዓ ደብዳቤ የሚጽፉልን ወንድሞች ግን በግዕዝ ፊደል አድገው ነው የመጡት። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ዐረብኛም የለውም፤ ዕብራይስጥም የለውም። በእነዚህ ሁሉ ቋንቋዎች የአላህ ስም የሚጻፍበት ፊደልና የሽንኩርት ስም የሚጻፍበት ፊደል አንድ መጠን ነው። ክብር ሲፈለግ በሌላ መንገድ ይገለጻል። የብራና ጸሐፊዎች በግዕዝ መጻሕፍት ውስጥ ቅዱሳን ስሞችን በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር፤ በአንዳንድ የታተሙ ሙስሐፎችም «አላህ» የሚለው ስም በቀይ ወጥቶ ይታያል።

አማርኛ ደግሞ ክብርን በግሱ ላይ ነው የሚያኖረው። «ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዲህ አሉ» እንላለን፤ «አለ» ብንል ጆሮ ያቆስላል። ነገር ግን ስለ አላህ (ሱ.ወ) ስንናገር «አላህ አለ» ነው፤ በዱዓችንም «አንተ» ብለን ነው የምንጠራው። ክርስቲያን ወገኖቻችንም ፈጣሪን በጸሎታቸው «አንተ» ይላሉ። አማርኛ የማያውቅ ሰው ይህን ቢሰማ «ለሽማግሌ አንቱ፣ ለፈጣሪ አንተ?» ብሎ ይደነቅ ይሆናል። እኛ ግን ውስጡን ስለምናውቅ ንቀት አናይበትም። እንግሊዝኛ ፈጣሪን የሚተካውን ተውላጠ ስም «እርሱ»ን በትንሹ ሲጽፍ የሚደነግጡ አንባቢዎች ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የታወቀው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ እንኳ ያንን ተውላጠ ስም በትንሹ ነው የጻፈው። በትልቁ የሚጽፉ ብዙ ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች አሉ፤ ይቻላል። የዜና ተቋማት መመሪያዎች ግን በትንሹ ይላሉ።

ፊደላችን መጠን ባይኖረውም የስም ክርክር ግን አልቀረልንም። በድሮው አማርኛ የሃይማኖቱ ስምና የሰውየው ስም አንድ ነበር፤ «እስላም ነው»፣ «እስላሞች»፣ «የእስላም ሥጋ» ይባላል። ዛሬ ሃይማኖቱን ኢስላም፣ ሰውን ሙስሊም ብለን እንለያለን፤ ዐረብኛውም የሚለው ይህንኑ ነው። ሆኖም «እስላሟ ጎረቤቴ» እያሉ ለ40 ዓመት ቡና የተጠራሩ እናት ስድብ ተናገሩ ብለን አናምንም። እኛን የሚያሳስበን ቃሉን የሚያውቅ ሰው፣ በመጽሐፍ ወይም በመንግሥት ሰነድ ላይ ሲጽፍ ነው።

በሰነድ ላይ ያለ ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ አባቶቻችን ያውቁ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም በአዲስ አበባ በተካሄደው ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ የአጠራር ጥያቄ ነበር። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባሉ ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል አሉ። ከበዓላት መከበርና ከእኩል መብት ጥያቄዎች ጎን አንድ የሰዋስው ጥያቄ ተሰልፎ ወጣ ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው አጠራር እንግዳ ያደርጋል፤ ሁለተኛው የአገር ባለቤት። አንድም ፊደል ሳይተልቅ ወይም ሳያንስ ይህን ያህል ልዩነት አለ።

በአገራችንም ቢሆን ጥያቄው የእንግሊዝኛ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ኦሮምኛ በቁቤ፣ ሶማሊኛና ዐፋርኛም በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ ትልቅና ትንሽ ፊደል አላቸው። በእነዚህ ቋንቋዎች የምትጽፉ ወንድሞችና እህቶች የእያንዳንዱን ቋንቋ ደንብ ተከተሉ እንጂ የእንግሊዝኛውን ሕግ እንዳለ አትቅዱት።

ስትጽፉ የሚያጋጥሟችሁ ቃላት

በደብዳቤዎቻችሁ ላይ ደጋግመን የምናርመው «እርሱ ኢስላም ነው» የሚለውን የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ነው። ከአማርኛው «እስላም ነው» የተገለበጠ ነው። በእንግሊዝኛ ሰው ሙስሊም እንጂ ኢስላም አይባልም። «ኢስላሚክ» የሚለው ቅጽል ደግሞ ለሰው ሳይሆን ለነገር ይነገራል፦ ለሕግ፣ ለባንክ፣ ለሥነ ሕንጻ፣ ለትምህርት ቤት። ሰዎች፣ ቤተሰብና ማኅበረሰብ «ሙስሊም» ናቸው።

«ኢስላሚስት» የሚለውን ከዚህ ጋር የሚያምታቱ ብዙዎች ናቸው። ይህ ቃል በእንግሊዝኛ መንግሥትና ፖለቲካ በኢስላም ሕግ ይመራ ለሚል እንቅስቃሴ የሚነገር ነው እንጂ ሙስሊም ለሆነ ሁሉ አይደለም። አሶሺዬትድ ፕሬስ እ.ኤ.አ. በ2013 በመመሪያው ላይ ለታጣቂዎችና ለጽንፈኞች ተለዋጭ ስም ሆኖ እንዳይገባ አስጠንቅቋል። አማርኛችን ሁለቱንም «እስላማዊ» ብሎ ስለሚተረጉም፣ ከእንግሊዝኛ የሚተረጎም ዜና ላይ ተራው የሙስሊም ነጋዴ ማኅበር የፖለቲካ ድርጅት መስሎ ሲወጣ አይተናል። ይህ ከትንሿ ኤም እጅግ የከፋ ስሕተት ነው። ሁለቱም ቃላት በትልቁ አይ ስለሚጀምሩ ፊደሉ አይለያቸውም፤ መጨረሻቸውን ማየት ያስፈልጋል። «ወሃቢ» የሚለውም በትልቁ ይጀመራል፤ በዚያ ስም የሚጠሩት ሰዎች ግን አብዛኞቹ ስሙን አይቀበሉትም።

ሱኒ፣ ሺዓ፣ ሱፊ፣ ሰለፊ በትልቁ ይጀመራሉ። ቁርኣን፣ ረመዷን፣ ዒድ፣ ካዕባም እንዲሁ። ሐላል፣ ሒጃብ፣ ጂሃድ፣ ሐዲስ፣ ፈትዋ በትንሹ ናቸው። በሐጅና በሸሪዓ ላይ ተቋማቱ ራሳቸው ይለያያሉ፤ አንዱን መርጦ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አለመቀያየር ይበቃል። «ነቢይ» ከስም በፊት እንደ ማዕረግ ሲመጣ በትልቁ ይጻፋል። ብቻውን ሲቆም ብዙ የአጻጻፍ መመሪያዎች በትንሹ ይላሉ፤ ሙስሊም ጸሐፊዎች ግን በትልቁ ይጽፉታል፤ እኛም እንደዚያው እናደርጋለን።

ከቃሉ በፊት «ያልሆነ» ወይም «ጠል» የሚል ቅጥያ ሲመጣ፣ ለምሳሌ «ሙስሊም ያልሆኑ» ለማለት፣ ቅጥያው በትንሹ ይጻፍና አጭር ሰረዝ ገብቶ ኤሟ ትልቅ እንደሆነች ትቀጥላለች። ሰረዟን መዝለል የተለመደ ስሕተት ነው። አንዳንድ ወንድሞች ደግሞ ክብር ለመጨመር ብለው «አላህ» ወይም «ኢስላም» የሚለውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በትልልቅ ፊደል ይጽፉታል። በእንግሊዝኛ ይህ እንደ ጩኸት ነው የሚነበበው። የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ትበቃለች።

የመካን ነገር ለመጨረሻ አስቀመጥነው፤ የሜሪላንዱ ልጅ መልሳችንን ካነበበ በኋላ በእናቱ በኩል የጠየቀን እርሱን ነውና። በአንድ የገበያ ማዕከል ማስታወቂያ ላይ «የጫማ ወዳጆች መካ» የሚል ጽሑፍ በትንሹ ኤም አይቶ ኖሯል። እንግሊዝኛ ይህን ስም ወደ ወል ስምነት አውርዶ «ሰው ሁሉ የሚጎርፍበት ቦታ» ለማለት ይጠቀምበታል። በብሪታንያ እንዲያውም በዚህ ስም የሚጠሩ የቢንጎ ቁማር ቤቶች አሉ። ብዙ ሙስሊሞች ይህ ቅር ያሰኛቸዋል፤ ቁማር እርም በሆነበት ሃይማኖት የቅድስቲቱን ከተማ ስም ቁማር ቤት ላይ ማየት ቀላል አይደለም። የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት በ1980ዎቹ የከተማዋን ስም በእንግሊዝኛ ለዐረብኛው ድምፅ ቅርብ በሆነ ሌላ አጻጻፍ፣ በሁለት ኬና መጨረሻው ላይ በኤች፣ በይፋ መጻፍ ጀምሯል። እኛም በእንግሊዝኛ ስንጽፍ ለከተማዋ ያንን እንጠቀማለን፤ ስለ ጫማ መሸጫ ስንጽፍ ደግሞ ሰው የሚበዛበት ሱቅ ብለን እናልፋለን። ልጁ ማስታወቂያውን ለሰቀሉት ሰዎች ደብዳቤ ልጻፍ ወይ ብሎ ጠይቆናል። ይጻፍ ብለናል፤ በትሕትና፣ እናቱ አይተውለት፣ ኤሞቹንም ሁሉ ተራ በተራ አይቶ።